የጋሽ ዘገየ ጉድጓድ አሟሟት

ወርቅ ያለቀበት መንደር ሁሉ አንድ ሰው ይቀርለታል። ወርቅ ገዢው ሚዛኑን ጠቅልሎ ይሄዳል፣ ጠጅ ቤቱ ይዘጋል፣ ጎረምሳው ያለችውን አጠራቅሞ ሞተር ይገዛና ሰው ማመላለስ ይጀምራል፤ ያ አንድ ሰው ግን ወርቁ ማለቁን አልሰማም። ቢነግሩትም አይሰማም። አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት እያየ ይሄዳል። ሰላም ብትሉት እንኳ መጀመሪያ የቆማችሁበትን አፈር፣ ቀጥሎ ነው እናንተን የሚያየው።

በጋምቤላ፣ ከዲማ ወጣ ብላ ባለችው፣ ሰባት ጉድጓድ በምትባለው መንደር፣ ይህ ሰው ክቡር ጋሽ ዘገየ ናቸው። መንደርተኛው ኢንጂነር ይላቸዋል። ትምህርታቸው ሦስተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም በማዕረጉ ሲጠሩ ቅር አይላቸውም፤ እንዲያውም ቶሎ አይዞሩም፣ ደግሞ እንዲጠሩ። ይህን ኢንጂነር አብልቶ፣ ልብሱን አጥቦ፣ ነገሩን ችሎ የማኖር ጣጣ የወደቀው ግን እሙዬ ላይ ነው።

እሙዬ ሚስታቸው ናት። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ከወሎ ይዘዋት ሲመጡ "ሁለት ዓመት ቆፍረን እንመለሳለን" ብለዋት ነበር። ያኔ ገና ልጅ ነበረች፣ የሰው ቃል ታምናለች። አሁን ባሏ "ዝናብ መጣ" ቢሏት እንኳ ወጥታ ሰማዩን ሳታይ የተሰጣ ልብስ አታነሣም።

ጋሽ ዘገየ የማይመረምሩት አፈር የለም። በበዓል ዶሮ ሲታረድ የሰው ባል እግሩን ዘርግቶ ወጡን ይጠብቃል። የእሙዬ ባል የዶሮዋን ሆድ ዕቃ ተቀብለው ጓሮ ይገባሉ፤ የዋጠችውን ጠጠር በሳፋ ያጥቡና አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እያዞሩ ያዩታል። "ዶሮ ከሰው በላይ ታያለች" ይላሉ። በዚህ ሁሉ ዓመት ከዶሮ ሆድ ያገኙት አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ነው፤ እሱም የራሳቸው ሸሚዝ ነበር።

አምና አንድ የድሮ ባልንጀራቸው አርፎ ቀብር ላይ የሠሩትን ደግሞ እሙዬ እስክትሞት አትረሳውም። ቄሱ ፍትሐት እያደረሱ፣ ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ ሳለ፣ ጋሽ ዘገየ ጎንበስ ብለው ከመቃብሩ አፍ አንድ እፍኝ አፈር አነሡ። ሐዘን የበረታባቸው መስሎት ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠላቸው። እሳቸው አፈሩን መዳፋቸው ላይ በተን አድርገው አሸተቱና አጠገባቸው ላለው ሰው "ታድሎ፣ የወርቁ መስመር ላይ ነው የተኛው" አሉት። እሙዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ለቀስተኛው ግን አለቀሰች ብሎ አዘነላት።

የቤታቸው ጥራጊም አይጣልም። እሙዬ ጠዋት ጠዋት የምትጠርገው አፈር በማዳበሪያ ከረጢት እየታጨቀ ከቤቱ ጀርባ ይደረደራል፤ "አንድ ቀን ይታጠባል" ተብሎ። ከረጢቱ አጥሩን በልጦ ለጎረቤት መታየት ከጀመረ ቆይቷል። የመጣ እንግዳ ሁሉ የእህል ክምችት እየመሰለው "ዘንድሮስ እግዜር ሰጥቷችኋል" ይላታል። እሷም "ተመስገን" ብላ ታልፋለች፤ ምን ትበል?

የጋሽ ዘገየ አንድ ቃል አለች፤ "አንድ ክንድ ብቻ!" የምትል። ሰው ከሀብቱ የሚለያየው አንድ ክንድ ሲቀረው ነው ብለው ያምናሉ። ለዚህም ማስረጃ አላቸው፤ ድሮ ተስፋ ቆርጠው የተዉአትን ጉድጓድ ሌላ ሰው አንድ ክንድ ጨምሮባት ዲማ ላይ ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። ከዚያ ወዲህ አንድም ነገር ጨርሰው አያውቁም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ እሳቸው ደግሞ ዶማ ይዘዋል።

የጉድጓድ ሕጋቸው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ጉድጓድ ውስጥ ፉጨት ክልክል ነው። እንቁላል የበላ ሰው አይወርድም። ሴት እንኳን ልትወርድ አጠገቡም አትደርስም፤ የሴት እግር የገባበት ጉድጓድ "ሞተ" ይባላል፣ ወርቁ ይሸሻል፣ ማንም ቆፋሪ ተመልሶ ዶማ አያሳርፍበትም። ሕጉ የድሮ ቆፋሪ ሁሉ ነው፤ ቢሆንም ሌሎቹ ሚስቶቻቸውን ወንዝ ዳር አፈር ያሳጥቡ ነበር። ጋሽ ዘገየ ግን ሕግ አጥባቂ ስለሆኑ እሙዬን ወንዙም አላስጠጓት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምሳቸውን በሳህን ይዛ፣ ከጉድጓዱ ሃያ እርምጃ ርቃ፣ ዛፍ ሥር ቆማ ትጣራለች። እሷ ከጋብቻ ቀለበቷ በቀር ወርቅን የምታውቀው ተሽጦ ዘይትና ጨው ሆኖ ሲመጣ ነው።

ዘመን ግን ተለወጠ። ወርቁ ሲሳሳ ግማሹ ሰው ሌላ አገር ሄደ፤ የቀረው በቆሎ ዘራ፣ ቀፎ ሰቀለ። የመንደሩ ወሬም አብሮ ተለወጠ። ድሮ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ "ስንት ግራም አገኘህ?" ነበር የሚባባለው፤ አሁን "ክዳን አበጀህለት?" ሆኗል። የሚወራው ስለ ሽንት ቤት ነው። ትናንት "ታዲያ ጫካው ለምን ተፈጠረ?" ብሎ ሲከራከር የነበረ ወንድ ሁሉ ዛሬ በጎረቤቱ ሽንት ቤት ይቀናል። እንዲያውም አንድ ሽማግሌ በሩን አረንጓዴ ቀለም ቀብተው እንግዳ ሲመጣ ከሳሎናቸው በፊት እሱን ያስጎበኛሉ።

ይህን ሁሉ ያመጣችው የጋሽ ዘገየና የእሙዬ አንዲት ልጅ፣ ሊድያ ናት። ሊድያ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነች። በፀሐይ በጭቃ ቤት ለቤት እየዞረች፣ አማርኛ ያልገባውን በአኙዋክኛ፣ አኙዋክኛ ያልገባውን በቀልድ እያስረዳች፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከስልሳ ስምንቱ ቤት ስልሳ ሰባቱን አስቆፈረች። የቀረ አንድ ቤት ነበር።

የበላይዋ ሲስተር ኛሩዋይ ከወረዳ መጥታ ዝርዝሩን አየችው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሽንት ቤት የሌለው አንድም ቤት ካልተገኘ ቀበሌው ነጭ ባንዲራ ይሰቀልለታል፤ ሠራተኛዋም ጋምቤላ ከተማ ሁለት ዓመት ተምራ ነርስ ትሆናለች። አንድ ቤት ከጎደለ ዕድሉ ለሌላ ቀበሌ ያልፋል። ሲስተር ኛሩዋይ በጣቷ ዝርዝሩ ላይ ነካ አድርጋ "ይሄ አንዱ ቤት የማነው?" አለቻት። ሊድያ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

"የአባቴ ነው" አለች።

ገምጋሚዎቹ የሚመጡበት ቀን የወሩ የመጨረሻ ዓርብ ተባለ። እሙዬ ይህን ስትሰማ ሌላ ሐሳብ ከልቧ ወጣ። እሷ ከአራተኛ ክፍል የቀረችው "ለሚቀጥለው ዓመት ትገቢያለሽ" ተብላ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ተዳረች። አሁን ግን ልጇ ነጭ ጋውን ለብሳ ሲስተር ሊድያ ስትባል ካላየች ዓይኔ አይከደንም ብላለች።

በእርግጥ ጋሽ ዘገየ አልቆፍርም አላሉም። ክፋቱም እሱ ነው። "ሽንት ቤት?" አሉ፣ "እኔ ለሽንት ቤት ጉድጓድ አንሼ ነው?" ዶማቸውን ይዘው ጓሮ ወጡ። ለሽንት ቤት ሦስት ሜትር ይበቃል፤ እሳቸው በሁለት ቀን ደረሱበት። እሙዬም ደስ ብሏት የሲሚንቶ ክዳኑን አስመጥታ ግድግዳ ላይ አስደገፈችው። በሦስተኛው ቀን የጓሮዋ ዛፍ ሥር ቆማ "በቃ እኮ፣ ውጣ!" ብላ ስትጣራ፣ ከታች ቀዝቀዝ ያለ ድምፅ መጣ።

"እሙዬ፣ ምልክት አየሁ።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። "ምን ዓይነት ምልክት?" ብትል ለሴት አይነገርም ተባለች። አንድ ክንድ ብቻ አሏት። አንድ ክንዱ ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ ሦስት ሳምንት። ሽንት ቤቱ ወዲያው የወርቅ ጉድጓድ ማዕረግ ስለተሰጠው ሕጉም አብሮ ወጣለት፤ እናትና ልጅ የራሳቸው ሽንት ቤት አጠገብ እንዳይደርሱ ተከለከሉ። መንደሩን በሙሉ ሽንት ቤት ያስቆፈረችው ልጅ ጠዋት ጠዋት ፎጣዋን ይዛ የጎረቤት በር ታንኳኳለች።

ጎረቤታቸው አባንግ ናት፤ የቀበሌው ሊቀመንበር የኦኬሎ ሚስት። ከእሙዬ ጋር ጨው ሲያልቅ ጨው፣ ሳቅ ሲያልቅ ሳቅ ይበዳደራሉ። የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ አንድ ቀን አባንግ ፊቷ ሌላ ሆኖ መጣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እሙ፣ ቤቴ ሥር ሰው አለ" አለች። "እኔ እወቅጣለሁ፣ እሱ ይወቅጣል። እኔ ዝም፣ እሱ ዝም።"

ለካ ጋሽ ዘገየ አሥራ አንድ ሜትር ላይ አለት ገጥሟቸው፣ እንደ ደንቡ ወደ ጎን ዞረው ሽቅብ ዋሻ እየቆፈሩ ነበር። ዋሻው አጥሩን በታች አልፎ አባንግ ማድ ቤት ሥር ገብቷል። አባንግ ሁለት ቀን ሙሉ በቆሎ እየወቀጠች መሬት ውስጥ ያለውን መንፈስ በጌታ ስም ስትገሥጽ ከረመች። በሦስተኛው ቀን መንፈሱ መለሰላት።

"አባንግ፣ ኧረ ቀስ ብለሽ ውቀጪ፣ አፈሩ ዓይኔ ውስጥ ገባ!"

ያን ዕለት ከሰዓት ሙቀጫዋ እስከ አፉ መሬት ገባ። ሊቀመንበር ኦኬሎ ደብተራቸውን ይዘው መጡ፣ ሙቀጫውን ዞረው ዞረው አዩት። በሥልጣናቸው የድንበር ክርክር ብዙ ዳኝተዋል፤ ከመሬት በታች ድንበር የገፋ ሰው ግን በየትኛው ቢሮ እንደሚከሰስ አያውቁም ነበር። መጨረሻ ላይ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ አባንግ ገላመጠቻቸውና ደብተሩን ዘጉ።

ይህ የሆነው ማክሰኞ ነው፤ ገምጋሚዎቹ ዓርብ ይመጣሉ። ሊድያ ማታውን እህል አልቀመሰችም። ቁጭ ብላ የምትዞርበትን ቦርሳ ማንገቻ ስትጠቀልል ስትፈታ ቆየችና "ተይው እማዬ" አለች፣ "ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል።" እሙዬን ከትምህርት ያስቀረቻት ይህችው ቃል ናት። ምን እንደምትሠራ ግን አላወቀችም።

ረቡዕ ጠዋት ባሏን እርስዎ አለቻቸው። እሙዬ ባሏን እርስዎ የምትለው ንዴቷ አናቷ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው፤ መጨረሻ ያለቻቸው የጋብቻ ቀለበቷን አቅልጠው ሊያስመዝኑ ሲሉ ነበር። "አቶ ዘገየ፣ እርስዎ ዛሬ ይጨርሳሉ ወይስ አይጨርሱም?" አለቻቸው። እሳቸው ራሳቸውን እያከኩ፣ ወደ መንገዱ እያዩ፣ አንድ ክንድ ብቻ ብለው ወረዱ። ገመዱን ደበቀችባቸው፤ ግድግዳው ላይ በፈለፈሉት የእግር መርገጫ ወረዱ። ሽማግሌ ላከችባቸው። ሦስቱ ሽማግሌዎች የድሮ ቆፋሪዎች ናቸው፤ ሊገሥጹ መጥተው ጉድጓዱን ጎንበስ ብለው አዩና መስመሩ ወደ ምሥራቅ ነው ወደ ምዕራብ በሚል እዚያው ተጣሉ። አንደኛውማ ዶማ ሊያመጣ ወደ ቤቱ ሮጠ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ጋሽ ዘገየ መሯቸውን ሊያስሉ ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዱ። እሙዬ ዛፏ ሥር፣ ሃያ እርምጃ ርቃ፣ እንደ ልማዷ ቆማ ጉድጓዱን ታየዋለች። ሠላሳ ዓመት የቆመችባት ሃያ እርምጃ ድንገት ሳቅ አመጣባት። እንዴ! እኔ ከገባሁበት ይሞት የለም እንዴ? ሕጉ የእሳቸው ነው፤ እሳቸው ራሳቸው ሊሽሩት አይችሉም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና አባንግን ጠራቻት።

"ነይ ባትሪውን ያዢልኝ" አለቻት። "ምስክርም ትሆኛለሽ። እገባለሁ።"

አባንግ ጉድጓዱን አየች፣ እሙዬን አየች። "ጌታ ይርዳሽ" አለችና ባትሪውን ተቀበለቻት።

አወራረዱስ አይወራ። በአርባ አምስት ዓመቷ፣ በነጠላ ጫማ ጀምራ በባዶ እግሯ ጨረሰችው፤ አንድ እግሯን ካሳረፈች በኋላ ሌላውን ለማውረድ የምታውቃቸውን ታቦታት ሁሉ ትጠራለች። ታች ስትደርስ አባንግ ባትሪውን በገመድ ላከችላት። ዋሻው ንጹሕ ነው፤ በየቦታው በእንጨት ተደግፏል፣ ግድግዳው እንደ ቤት ተስተካክሏል። ቤቷ መደርደሪያ እንዲሰቅሉላት አራት ዓመት የለመነቻቸው ሰው ሥራ ነው ብላ ማመን አቃታት። እየዳኸች መጨረሻው ጋ ደርሳ መብራቱን ወደ ግድግዳው አዞረችው።

ግድግዳው አበራ።

ቢጫ ነው፤ እዚህም እዚያም ብልጭ ብልጭ ይላል። ኧረ በስመአብ፣ ሰውዬው እውነቱን ነው! ቆርቆሮ ቤቱ፣ ወደ ወሎ የሚመለሱበት መኪና፣ ለሊድያ ጋውን ብቻ ሳይሆን ክሊኒኩም ጭምር በአንድ ጊዜ ዓይኗ ላይ መጡ። እጇ ሳታዝዘው ግድግዳውን ዳሰሰ። ባሏን ለሠላሳ ዓመት መሬት መሬት ያሳያቸው ነገር ይኸ ነው ለካ ብላ አዘነችላቸው፤ ቀናችባቸውም።

ቀጥሎ ግን ነገ ዓርብ መሆኑ ትዝ አላት። ይህን ብትናገር ጉድጓዱ እንኳን በነገ፣ በሚመጣው ፋሲካም አይከደንም። ወርቁ ሠላሳ ዓመት ጠብቋል፣ ይጠብቅ፤ ልጅቱ ግን ከነገ ወዲያ አትጠብቅም። እሙዬ ከመሬቱ ጭቃ በሁለት እጇ እየዛቀች ግድግዳውን ለሰነችው። ብልጭታው በሙሉ እስኪጠፋ ለሰነችው፤ ለምን እንደሆነ ባታውቅም ትንሽ አለቀሰች።

ከዋሻው ስትወጣ ከላይ ጥላ አጠላ።

"ማነው እዚያ ታች?" አሉ ጋሽ ዘገየ።

"እኔ ነኝ።"

አባንግ ኋላ እንዳወራችው ጋሽ ዘገየ መሮው ከእጃቸው ወደቀ። በቀስታ፣ "እሙዬ፣ አንቺ ነሽ?" አሉ።

"እኔ ነኝ አልኩ እኮ። ሁለቱም እግሬ ገብቷል። ዋሻውም ድረስ ሄጃለሁ። ምንም የለም።"

ጋሽ ዘገየ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ወሬው ከምሳ በፊት መንደሩን አዳረሰ። የዘገየ ጉድጓድ ሞተ! የድሮ ቆፋሪዎች አንድ በአንድ እየመጡ አጠገባቸው ተቀመጡ። "እግዜር ያጥናህ" ይሏቸዋል። "አብሮ ያጥናን" ይላሉ ጋሽ ዘገየ። አንዱ ከንፈሩን መጥጦ "በስንት ሜትር አረፈ?" ብሎ ጠየቀ፤ አሥራ አንድ ሲባል "ልጅ ነበር ገና" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እሙዬ ሳቋ እንዳያመልጣት ማድ ቤት ገብታ ድስት አንኳኳች።

ሞቷልና መቀበር አለበት። ዋሻውን መሙያ አፈር ከየት ይምጣ ሲባል የሰው ሁሉ ዓይን ከቤቱ ጀርባ ወደተደረደረው ከረጢት ሄደ። ጋሽ ዘገየ ራሳቸው የመጀመሪያውን ከረጢት ተሸክመው መጡ። የቤት ጥራጊ በሙሉ ገባ። ዋሻው ተደፈነ፣ የአባንግ ማድ ቤት ጸና፣ ሙቀጫዋም በአራት ወንድ ተነቀለ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ክዳኑ ተጋደመ፣ ዙሪያው በቆርቆሮ ታጠረ። ሊድያ ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ደርሳ ቆማ ቀረች። አባቷን ልታመሰግን ስትጠጋ "እናትሽን" አሏትና ወደ ወንዙ ሄዱ።

ዓርብ ገምጋሚዎቹ መጡ። ሲስተር ኛሩዋይ ስልሳ ስምንተኛውን ቤት በራሷ ልታይ ገባች። እንደ ደንቧ ጠጠር ጣል አድርጋ ጆሮዋን ሰጠች፤ ጠበቀች፤ አሁንም ጠበቀች። ድምፁ ዘግይቶ ሲመጣ ቀና ብላ "ይሄ ስንት ሜትር ነው?" አለች። አሥራ አንድ ሲሏት ለረጅም ጊዜ ጋሽ ዘገየን አየቻቸው። "ለልጅ ልጅ ልጅ ይበቃል" ብላ ጻፈች። ከሰዓት ነጩ ባንዲራ ተሰቀለ፣ ሰው አጨበጨበ፣ እሙዬ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ እልል አለች። ጋሽ ዘገየ ከሁሉ ኋላ ቆመው ነበር።

ሰኞ ሊድያ ወደ ጋምቤላ ሄደች። ሻንጣዋን የተሸከሙላት አባቷ ናቸው፤ እስከ መኪናው ድረስ አንድም ጊዜ መሬት አላዩም። መኪናው ተነሥቶ አቧራው እስኪበርድ መንገድ ላይ ቆሙ። እሙዬ ይህን ልብ ብላዋለች፤ ያደረገችው ነገር ግን እያሳከካት ስለነበር ብዙም አላሰበችበት።

ሴትዮዋ ሕሊናዋ ዕረፍት ነሳት። ባሌን ከዕድሉ ለየሁት እያለች ማክሰኞ ሥጋ ገዝታ ጠበሰች፣ ረቡዕ ማር አቀረበች፣ ሐሙስ እግርዎን ልጠብልዎት፣ አይ፣ ልጠብልህ አለች። ጋሽ ዘገየ ደንግጠው ግንባራቸውን ዳሰሱ፤ አንድ የደበቁኝ በሽታ አለ ብለው ጠረጠሩ። ዓርብ ከሰዓት ቤቱ ጭር ብሎ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ጥላው ላይ ተቀምጠው ሳለ እሙዬ አልቻለችም።

"ዘገየ፣ ወርቅ ነበረ" አለች። "ግድግዳው በሙሉ ወርቅ ነበር። እኔ ነኝ በጭቃ የለሰንኩት።"

ጋሽ ዘገየ ትክ ብለው አዩአት። ከዚያ ሳቁ። እያሳላቸው፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። ያ ብልጭልጭ ወርቅ ሳይሆን ቆፋሪ ሁሉ አታላይ የሚለው ተራ ድንጋይ መሆኑን ነገሯት፤ ወርቅ ሲቀጠቅጡት ይለጠጣል፣ እሱ ግን በጣት ሲያሹት ዱቄት ይሆናል። "ሠላሳ ዓመት የወርቅ ቆፋሪ ሚስት ሆነሽ አታላይ አታውቂም?"

"መቼ አስጠጋኸኝ?" አለች እሙዬ።

ሳቃቸው ቆመ። "እውነትሽን ነው" አሉ፤ እሙዬ ከእሳቸው አፍ ይህን ቃል ሰምታ አታውቅም።

እሷ ግን ገና አልጨረሰችም። የተንገበገበችበት ሳምንት፣ የጠበሰችው ሥጋ፣ ያቀረበችው ማር እያቃጠላት ነው። "ቆይ፣ አታላይ መሆኑን መቼ ነው ያወቅከው?"

"ምልክት አየሁ ያልኩሽ ዕለት። ሦስት ሜትር ላይ።"

"ታዲያ አሥራ አንድ ሜትር ድረስ፣ ደግሞ አባንግ ማድ ቤት ድረስ፣ ምን ልሁን ብለህ ነው የቆፈርከው?"

ጋሽ ዘገየ ወደ መንገዱ አዩ። ፊታቸው እንዳይታይ ኮፍያቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሲያልቅ ትሄድ የለም?" አሉ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ መሬት ውስጥ ገብተው፣ የሌለ ወርቅ እየፈለፈሉ፣ አለት ሲገጥማቸው ወደ ጎን እየዞሩ፣ በእንጨት እየደገፉ ቀን የገፉት ሊድያን ለማቆየት ነው። ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ቁጣው አልመጣም። ቤቱ ውስጥ የሊድያ ድምፅ የለም፣ ቦርሳዋ ሚስማሩ ላይ የለም፣ አምስት ቀን እንደዚህ መሆኑን አሁን ገና ልብ አለችው። ጠጋ ብላ እጃቸውን ያዘች፤ እንባዋ መጣ።

"ምነው ሳትነግረኝ?" አለቻቸው። "አብረን እንቆፍር ነበር እኮ።"